ገመድ ያዡ

ቀለም ቀቢው ረጅም ሕንፃ ላይ ተንጠልጥሎ ሲሠራ፣ ጣሪያው ላይ ሆኖ ገመዱን የሚይዝለት የሚስቱ ወንድም ነው። ይህ አማቹ ወሬ አያልቅበትም። ከላይ ሆኖ ወሬውን ሲቀድ ይውላል፤ ቀቢውም ብሩሹን እያጠቀሰ "ኧረ አደነቆርከኝ" ይለዋል።

አንድ ጠዋት ቀቢው ተንጠልጥሎ ሳለ ጉም ወረደ። መንገዱ ጠፋ፣ ጣሪያው ጠፋ፣ የገዛ እግሩ ሳይቀር ጠፋበት። ነጭ እንቅልፍ ውስጥ የሚንሳፈፍ መሰለው። ወዲያው ነፋስ ተነሣና እንደ ዥዋዥዌ ያወዛውዘው ጀመር።

"አለህ?" ብሎ ተጣራ።

ያ ወሬኛ ጭጭ አለ። ቀቢው ገመዱን በሁለት እጁ ጨብጦ ደግሞ ተጣራ። ሚስቱ አልጋ ከያዘች ወዲህ ፈጣሪውንም እንዲሁ "አለህ?" እያለ ይጣራ ነበር። መልስ ሲያጣ ደግሞ "አብሬህ ነኝ ያልከኝ ለዚህ ነው?" ብሎ ያኮርፈዋል።

ነፋሱ ሲበርድ አማቹ ጎትቶ አወጣው።

"ምላስህን ማን ቆረጠው?" ብሎ ቀቢው አምባረቀበት።

አማቹ ላቡን በክንዱ ጠረገ፤ መዳፉን ገመዱ ልጦታል። "ሰላም ሲሆን አወራልሃለሁ፤ ነፋስ ሲመጣ እይዝሃለሁ። ሁለቱን ባንዴ አልችልበትም፣ ወንድሜ።"

አመሻሹ ላይ ቀቢው የሚስቱ አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ተኝታለች፤ ትንፋሿ ቀስ ብሎ ይወጣል፣ ቀስ ብሎ ይገባል። የለመደውን ኩርፊያ ሊጀምር አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። እጇን ያዘ።

"ግዴለም፣ ዝም በል" አለው ፈጣሪውን። "ብቻ እንዳትለቀን።"