አባቴ የግንቡን በር ያልከፈተበት ቀን

ስለ ኮረብታው ግንብ የተጻፈ ብዙ አለ ይላሉ። እኔ አላነበብኩም። ፊደል የቆጠርኩት ካደግኩ በኋላ ነው፤ አሁንም ረጅም ጽሑፍ ሲገጥመኝ መሀል ላይ አረፍ እላለሁ። ስለዚህ ከአባቴ አፍ የሰማሁትንና በዓይኔ ያየሁትን ብቻ ነው የምጽፈው። ሌላውን የተማሩት ይጻፉት።

አባቴ የግንቡ በረኛ ነበር። አባቱም በረኛ፣ አያቱም በረኛ። ሥራው ጠዋት መክፈት፣ ለምሳ መዝጋት፣ ከሰዓት እንደገና መክፈት፣ ማታ መዝጋት ነው። ቀላል ይመስላል። ግን ከመዝጋቱ በፊት ወደ ውስጥ አንገቱን አስግጎ «ሰው አለ?» ብሎ ይጣራል። ግንቡ ጓዳ ጎድጓዳው ብዙ ነው፤ ፍቅረኛሞች ይደበቁበታል፣ ሰካራም ይተኛበታል። አባቴ ድምፁን ዘለግ አድርጎ ሲጣራ ታች ሰፈር ድረስ ይሰማል። ሴቶች «በረኛው ተጣራ፣ ምሳ ደረሰ» ብለው ድስት ይጥዱበት ነበር።

ግንቡ አሁን ስሙ ነው ግንብ። ጣሪያ የለውም። ከሁለቱ ማማዎች አንዱ ወድቋል፤ ሌላው እንደ ታመመ ጥርስ ብቻውን ቆሟል። የከተማው ቤት ግማሹ ከዚያ በወረደ ድንጋይ የተሠራ ነው። የእኛ ልብስ ማጠቢያ ድንጋይም የጌቶች ደረጃ ነበር። «ጌቶች በወርቅ ጫማ የረገጡት ላይ የኔን ካልሲ ታሺበታለሽ» ይለኝ ነበር አባቴ፣ ሲስቅ።

አሁን ታሪኩን ልንገራችሁ፤ ነገሩ ሁሉ የሚመጣው ከሱ ነውና። ስንት መቶ ዓመት እንደሆነው እኔ አላውቅም። ጠላት መጥቶ ኮረብታውን ከበበ። የከተማው ሰው ልጁንም ፍየሉንም ይዞ ግንቡ ውስጥ ገባ። የግንቡ ጌታ መጀመሪያ «ቤቴ ቤታችሁ ነው» አለ። ዝናብ ጠፍቶ ጉድጓዱ ሲጎድል ግን በጉድጓዱ ዙሪያ ግድግዳ አስገነባ፣ በር አበጀለት፣ ቁልፉን ወገቡ ላይ አሰረ። ውሃው ለጌታውና ለፈረሶቹ ሆነ። ያ ግድግዳ ዛሬም አለ። ጉድጓዱ አፍ ላይ ገመድ የበላው ሰርጓዳ አለ፤ ልጅ ሆኜ ጣቴን እከትበት ነበር። ሰው የጠዋት ጤዛ ከድንጋይ ላይ መላስ ጀመረ። ሕፃናት መሞት ጀመሩ። ያኔ በረኛው ዋናውን በር ከፈተ። ሰው እየተጋፋ ወደ ወንዙ ወረደ፤ ጠላት ደግሞ ማንም ሳይጋብዘው ገባ። ግንቡ የወደቀው እንዲህ ነው። ያ በረኛ የእኛ ዘር ነው ይባላል። እውነት ይሁን አይሁን እንጃ። አባቴ ግን ያምናል።

ግንቡን ለእንግዶች የሚያሳየው አስጎብኚ መጀመሪያ ሲመጣ ታሪኩን እንደዚሁ ነበር የሚናገረው። መልከ መልካም ነው፣ ነጭ ኮፍያ ያደርጋል፣ ድምፁ ሬዲዮ ነው። ግን ስለ ውሃ ሲያወራ እንግዶቹ ያዛጋሉ። አንድ ቀን ምን እንደታየው እንጃ፣ «በረኛው በወርቅ ተገዝቶ በሩን ለጠላት ሸጠ!» አለ። ጭብጨባ ሆነ። ከዚያ በኋላ ማን ይመልሰው። በየጊዜው ቅመም ይጨምርበታል። አንዴ በረኛው አንካሳ ይሆናል፣ አንዴ ዓይነ ጠማማ። በመጨረሻ ወደ አባቴ ዞሮ «ዘሩ እስከ ዛሬ አልጠፋም፤ ያውላችሁ ቆሟል!» ማለት ጀመረ። እንግዶቹ ይስቃሉ፣ ከአባቴ ጋር ፎቶ ይነሳሉ።

የሚያቃጥለው እሱ ብቻ አይደለም። ተናግሮ ሲጨርስ ጉሮሮው ይደርቃል። ራሱ ውሃ ይዞ አይመጣም። «አንተ በረኛ፣ እስቲ ውሃ በለኝ» ይላል። አባቴ ከእንስራው ቀድቶ ይሰጠዋል። ስልኩንም በሩ አጠገብ ባለችው የአባቴ ዳስ ውስጥ ቻርጅ ላይ ይሰካል። የራሱ አባት እኩያ የሆነውን አባቴን «አንተ» ነው የሚለው።

«አባባ፣ ለምን ትሰጠዋለህ?» አልኩት አንድ ቀን።

«ውሃ አይከለከልም፣ ልጄ።»

«ስድብስ?»

እንስራውን ከደነ። ሲከፋው ታች ከንፈሩን ይነክሳል። ያን ቀን ነከሰው።

ወሬው ከኮረብታው ወደ ከተማው ወረደ። የመንደር ልጆች «በር ከፋች» ይሉን ጀመር። እኔ ልብስ ሰፊ ቤት የሸሚዝ ቁልፍና ዘርፍ እተክላለሁ፤ እዚያ እንኳ ደንበኛ «ኪሴ ውስጥ ሳንቲም ካለ ለበር ከፋቿ አታሳዩአት» ብላ ትቀልዳለች። እኔ ሰው ፊት አፌ የሚያያዝ ነኝ። መርፌዬን አያለሁ።

ያን ጊዜ የታጨሁለት ሰው ነበር። አናጢ ነው። እናቱ ቤታችን መጣች፤ የቀረበላትን ሻይ ሳትነካ «እኛ እንኳ ምንም አላልንም፤ ሰው ነው የሚያወራው» አለች። «ግን ቤትን ከውስጥ የሚሸጥ ዘር ይባላል… ልጄ ደግሞ አንድ ነው።» ሄደች። ልጁም ቀረ። አንድ ቃል እንኳ ራሱ መጥቶ አልነገረኝም። አባቴ ሻዩን አንስቶ ደጅ ደፋው።

በዚህ ላይ ቦርዱ መጣ። የቅርስ ቢሮው በሩ ላይ ትልቅ የብረት ቦርድ ሊያቆም ነው፤ ጽሑፉን አስጎብኚው ነው የሰጠው። ቀለም ቀቢው የአባቴ ጓደኛ ስለሆነ መጥቶ ነገረን። «‹ከሃዲው በረኛ› የሚል አለበት» አለ። «በትልቁ ጻፈው ተብያለሁ። ቀይ ቀለም ሁሉ ገዝተዋል።»

አባቴ ያን ሌሊት የተኛ አይመስለኝም። ጠዋት ጫማውን ሲያስር «ወሬ ይሰለቻል» አለኝ። «ብረት ግን ይከርማል። የልጅ ልጆችሽ ያነቡታል።»

«እኔ ምን ልጅ አለኝና?» አልኩት።

ይሄን ያልኩት አስቤ አልነበረም። ግን ፊቱ ሲለወጥ አየሁ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ አባቴ ከዚያች ጠዋት ጀምሮ መርሳት ይቅርና ማስታወስ ሥራው ሆነ። ቢላ እንደሚስል ሰው ዝም ብሎ ይስላል።

ቦርዱ የሚቆምበት ቀን ደረሰ። ከሰዓት በኋላ የቢሮው ኃላፊ ትመጣለች፣ የከተማው ሰው ተጠርቷል። ፀሐዩ ድንጋይ ያፈነዳል። አስጎብኚው ረፋዱ ላይ ንግግሩን ሲለማመድ ቆየና እንደ ልማዱ ማማው ጥላ ውስጥ ጋደም አለ። አባቴ አይቶታል። እኔም አይቼዋለሁ፤ ምሳ ይዤለት ወጥቼ ነበር። ኮፍያውን ፊቱ ላይ ደፍቶ ያንኮራፋል።

የምሳ ሰዓት ሆነ። አባቴ ወደ ውስጥ አንገቱን አስግጎ «ሰው አለ?» አለ። ግን እንዴት ብሎ! ድመት እንዳትነቃ እንደሚፈራ ሰው፣ በሹክሹክታ። ትንሽ ጠበቀ። «የለም» አለኝ። የብረት ፍርግርጉን ገፋ፣ ቆለፈ፣ ቁልፉን ኪሱ ከተተ። ከዚያ ቁጭ ብሎ ምሳውን በላ። እንዲያ ጥርግ አድርጎ ሲበላ ከብዙ ጊዜ ወዲህ አይቼው አላውቅም።

አስጎብኚው ሲነቃ መጀመሪያ ሳቀ። «አንተ በረኛ፣ ቆልፈህብኝ እኮ ነው!»

አባቴ ጥርሱን በስንጥር ይጎረጉራል።

«ሰማህ? ክፈት እንጂ!»

አባቴ ስንጥሩን ገለበጠ። ስልኩ እኛ ዳስ ውስጥ ተሰክቶ ይጮሃል፣ ማንም አያነሳውም። ውስጥ ያለው ጉድጓድ ደረቅ ነው፤ ከሞላ ጎደል ፌስታልና የሲጋራ ቁራጭ ነው ያለበት። እንስራው ደግሞ አባቴ ጎን፣ ከፍርግርጉ ማዶ፣ ክንድ ቢዘረጋ የማይደረስበት ቦታ ተቀምጧል። ላብ ያወጣ እንስራ።

ሰዉ መምጣት ጀመረ። ኃላፊዋ መጣች። ቀለም ቀቢውና ጓደኛው ቦርዱን በጨርቅ ሸፍነው ተሸክመው መጡ። የአናጢው እናትም ጥላ ይዛ መጣች።

«አባት፣ ምን ሆነው ነው? ይክፈቱለት እንጂ» አለች ኃላፊዋ።

«እመቤቴ፣ ፈርቼ ነው» አላት አባቴ።

«ምን ፈርተው?»

«ታሪክ።»

ሰው ሳቀ። «ቁልፉን ይስጡኝ» አለች።

«ኪሴ ውስጥ ነው። እጅዎን ይክተቱና ይውሰዱ።»

እንግዲህ በሽማግሌ ኪስ እጁን የሚከት ማን ነው? ኃላፊዋ ወደ ሾፌሯ አየች፤ ሾፌሯ ወደ ሰማይ አየ።

«ጋሼ!» አለ አስጎብኚው ፍርግርጉን ይዞ። ከንፈሩ ነጭ ሆኗል። «ጋሼ፣ ይክፈቱልኝ። ጠማኝ።»

«አንቱ» ያለው ገና ያን ቀን ነው።

«ጠማህ?» አለ አባቴ። ከወንበሩ ተነሳ። «አንተ አዋቂ ነህ፣ እስቲ አስተምረኝ። በዚህ ግንብ ለተጠማ ሰው በር የከፈተ ምን ይባላል?»

አስጎብኚው ወደ እንስራው አየ።

«እኔ ልንገርህ፤ ከሃዲ ይባላል። በዚያ ብረት ላይ በቀይ ቀለም ተጽፏል። ታዲያ ከዘሬ ሁለተኛ ከሃዲ ይውጣ ትለኛለህ?»

«ጋሼ፣ እሱ እኮ ለጨዋታ ነው…»

«ተጫወታ! እኔም እየተጫወትኩ ነው።»

ከሰዉ አንዱ «በለው!» አለ። አባቴ ከእንስራው በጣሳ ቀዳ፣ ቀስ ብሎ ጠጣ፣ የተረፈውን መሬት ላይ አፈሰሰ። እሱን ሳይ ሆዴ ውስጥ አንድ ነገር ሞቀኝ። ሐዘን እንዳይመስላችሁ።

በመጨረሻ አስጎብኚው ግንባሩን ብረቱ ላይ አስደግፎ ጀመረ። «በረኛው… ጌታው ጉድጓዱን አጠረው። ውሃውን ለፈረስ ሰጠ። ሕፃናት ሞቱ። በረኛው በሩን የከፈተው ለሕዝቡ ነው።»

«ወርቁስ?» አለ ቀለም ቀቢው።

«ወርቅ የለም።»

«ታዲያ ከየት አመጣኸው?»

«ከ… ከራሴ። ጭብጨባ ያመጣል ብዬ።»

 አባቴ ወደ ሕዝቡ ዞረ። «ከኋላ ያላችሁ ሰምታችኋል?»

እኔ ከኋላ ነበርኩ። እያንዳንዷን ቃል ሰምቻለሁ። በሕይወቴ ሰው ፊት ጮኼ አላውቅም። «አልሰማንም!» ብዬ ጮህኩ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ፤ ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ። ግን አልተጸጸትኩም። የአናጢው እናት ጥላዋን ዝቅ አድርጋ ፊቷን ሸፈነች።

«ድገመው» አለው አባቴ።

ደገመው፤ እየጮኸ፣ ድምፁ እየተሰነጠቀ። ሬዲዮው ባትሪው አለቀ። ከዚያ አባቴ ቁልፉን አወጣ፣ ከፈተ፣ ውሃውን በራሱ እጅ ሰጠው። አስጎብኚው ተንበርክኮ ነው የጠጣው።

አባቴን በዚያው ሳምንት አባረሩት። ይገባቸዋል፤ እሱም አልተከራከረም፣ ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ወጣ። ቦርዱ ቀይ መስመሩ ተፍቆ ቆመ። አሁን የሚለው ግንቡ ጥንታዊ ነው፣ እዚህ መሽናት ክልክል ነው፣ በቃ።

አስጎብኚው ግን ስም ወጣለት። «ክፈቱልኝ» ነው የሚባለው። ገበያ ሲገባ ባለሱቁ «ክፈቱልኝ መጣ፣ ውሃ አቅርቡ!» ይላል። ኮፍያውን አውልቋል፣ አልጠቀመውም። ሴት ልጁ ቦኖ ውሃ ወረፋ ላይ ስትቆም ልጆች «የክፈቱልኝ ልጅ ጠማት፣ አሳልፏት» ይሏታል። አንድ ቀን ከኋላዋ ቆሜ ነበር። አንገቷን ደፍታ የጄሪካኗን ክዳን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። ያ አንገት መድፋት እንዴት እንደሆነ ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ዝም በሏት ማለት እችል ነበር። አላልኩም። ወረፋዬን ጠበቅሁ፣ ቀዳሁ፣ ሄድኩ።

የአናጢው እናትም ተመልሳ መጣች፤ ያን ቀን ሻዩን ጠጣች፣ ደገመችም። «ልጄ አሁንም ልቡ እዚህ ነው» አለች። «ላስብበት» አልኳት። ይኸው እስካሁን እያሰብኩ ነው። እሱም ይጠብቅ።

አባቴ አሁን እግሩ ከድቶታል፤ ከቤት አይወጣም። ማታ ከሥራ ስገባ ከሰላምታ በፊት «ዛሬስ ምን አሉት?» ይለኛል። እነግረዋለሁ። ባለሱቁ ያለውን፣ የታክሲ ሾፌሮች ያሉትን። ይስቃል፣ ትራሱን ያስተካክላል፣ ከዚያ ይበላል። ካልነገርኩት ምግቡን ገፋ ያደርጋል።

ባለፈው ሳምንት ግን አስጎብኚው በልብስ ሰፊው ቤት በር፣ እኔ በምሠራበት፣ አለፈ። መንገዱ ሰው ሞልቶበታል። ማንም ምንም አላለውም። አንድ ሰው እንኳ ሰላም ብሎት አለፈ። ቤት ስገባ አባቴ ትራሱን ተደግፎ ይጠብቀኛል፤ ሳህኑ ጭኑ ላይ ነው።

«ዛሬስ?»

ማጠቢያው ጋ ሄጄ እጄን ታጠብኩ። በደንብ ታጠብኩ።

«ልጆች ከኋላው ዘፈኑበት» አልኩት። «ግጥም አውጥተውለታል።»

«እንዴት ያለ ግጥም?» አለ፣ ዓይኑ በርቶ።

ቁጭ ብዬ ገጠምኩለት። ሳህኑን ጠረገው።