የሙት ልጅ ናት ካሉ ዛሬውኑ ይወጣል

ወንድሜን በወረቀት የገደልኩት እኔ ነኝ። ሌላው ላይ ከመጮኼ በፊት የራሴን ልናገር፤ መጮኼ ግን አይቀርም።

ሚስቱ በወሊድ ስለሞተች፣ በአፋር በኩል አድርጎ ሲሰደድ ሴት ልጁን ለኔ ትቶ ነው የሄደው። ዓመት ሙሉ ድምፁ ጠፋ። ከዚያ አብሮት የተጓዘ የጎብዬ ሰው ተመልሶ መጣና «በረሃ ላይ ደክሞ ቀረ» አለን። በቃ! ሬሳ ያየ የለም፤ እኛም አልጠየቅንም። ቅሬው፣ ያው የሰፈሩ እድር፣ ድንኳን ጣለ፣ ኮቱንና ፎቶውን አልጋ ላይ ዘርግተን ደረት መታን፣ ፍታቱ ተፈታ፣ አርባው ወጣ። ልጅቷን ጥቁር አልብሼ ከፎቶው አጠገብ ያስቀመጥኳት እኔ ነኝ። ገና አምስት ዓመቷ ነበር።

ቆየት ብሎ «የጠፋ ሰው መሬት ለሌላ ሊሰጥ ነው» የሚል ወሬ መጣ። የአባቷን የማሽላ ማሳ እንዳይነጥቋት ብዬ የቅሬውን ዳኛና ሁለት ሽማግሌዎች ይዤ ቀበሌ ሄድኩ። ሦስቱ «ሞቷል» ብለው ፈረሙ፤ እኔም ከሥራቸው ፈረምኩ። «ሬሳውን ማን አየ?» ያለን የለም። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ቤቴ ገባሁ።

ሦስት ዓመት አለፈ። አንድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ስልኬ ጠራ። «እታለም፣ እኔ ነኝ» አለኝ። እሪ ብዬ መንገድ ላይ ቁጭ አልኩ። ለካ ደላሎች ይዘውት ከርመው፣ አምልጦ ጎረቤት አገር የስደተኞች መጠለያ ገብቷል። ከዚያ ወደ ሦስተኛ አገር ወስደው ሊያሰፍሩት ስሙ ወጥቶለታል። ልጁንም መውሰድ ይችላል፤ ግን የእሱ ልጅ መሆኗን የሚገልጽ የልደት ወረቀት በሁለት ወር ውስጥ ይድረስ ተብሏል።

እኔ ሞኟ ሁለት ወር ይበዛል ብዬ ነበር!

የቀበሌው ጸሐፊ ፋይሉን ገለጥ ገለጥ አደረገና «አባቷ ሟች ነው» አለኝ።

«ኧረ ትናንት አናግሮኛል!»

«እናቴ፣ እዚህ ላይ ሟች ነው የሚለው።»

ስልኬን አውጥቼ በቪዲዮ ደወልኩለት። ወንድሜ ብቅ ብሎ «ጤና ይስጥልኝ» አለው። ጸሐፊውም «አብሮ ይስጥልን፣ እንዴት ነህ ወንድሜ?» ብሎ መለሰለት! በስማም! ሰላም ብሎት ሲያበቃ ወደ እኔ ዞረና «ስልክ ማስረጃ አይሆንም። በዓይናቸው ያዩት ሦስት ምስክሮች ይዘው ፍርድ ቤት ይሂዱ» አለኝ። ከዚያ ደግሞ የረዳኝ መስሎት ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የሙት ልጅ ናት ካሉ ዛሬውኑ ይወጣል» አለ።

ደሜ ፈላ። ሲሞት ዓይን ያልጠየቃችሁ፣ ሲኖር ነው ዓይን የምትፈልጉት? ይህንን ጠረጴዛውን እየደበደብኩ ነው የነገርኩት፤ ሰልፈኛው ሁሉ ሰምቶኛል። ጸሐፊው «ቀጣይ» አለ።

የቅሬው ዳኛ ሮቢት ከተማ ልጃቸው ቤት ከርመዋል ሲሉኝ እዚያው ሄድኩ። «ጋሼ፣ ያኔ ሞቷል እንዳሉልኝ አሁን ደግሞ አለ ይበሉልኝ» አልኳቸው።

«እሰይ፣ እንኳን ደስ ያለሽ ልጄ። ግን አላየሁትም እኮ።»

«ሲሞትስ አይተውት ነበር?»

«ያኔማ ድንኳኑ ውስጥ ነበርኩ፤ ንፍሮውን በልቻለሁ። አገር ያለቀሰለትን ሰው ሞቷል ብል ማን ምን ይለኛል? አሁን አለ ብዬ ብምል ግን የቱ ነው ሐሰቱ ብለው ያስሩኛል» አሉ።

እኒያን የሚያህሉ ሽማግሌ ተሳደብኩ። ምን ብዬ እንደሆነ አልጽፈውም። ዳሩ በሚኒባስ ስመለስ የገባኝ ነገር የባሰ አናደደኝ፦ እሳቸውን ቀበሌ ድረስ ጎትቼ ያስፈረምኳቸው እኔው ነኝ።

ሳምንታት ከተንከራተትኩ በኋላ ዋጃ ላይ ከዚያው መጠለያ የተመለሰ ሰው አገኘሁ። እሱ በዓይኔ አይቼዋለሁ ብሎ ሊምል እሺ ሲል ሽማግሌዎቹ አፈሩ መሰለኝ፣ እነሱም ፍርድ ቤት ቀረቡ። ዳኛዋ ግን እኔን ነው ያፋጠጠችኝ፦ «ያኔ ነው የዋሹት ወይስ አሁን?»

«ያኔም አልዋሸሁም። አልቅሼ ነው የፈረምኩት» አልኳት።

ቀጠሮ በቀጠሮ ላይ ሲደራረብ ከርሞ በመጨረሻ «በሕይወት ያለ» ተባለ። የልደት ወረቀቱም ወጣ። ሁለት ወሩ ካለፈ ሦስት ሳምንት ሆኖት ነበር። ቢዘገይም ይቀበሉት ይሆናል ብዬ እየሮጥኩ ደወልኩለት። እሱ ግን አልተደሰተም።

«እታለም፣ ማስረጃ ካልመጣ ያንተም ፋይል ይዘጋል አሉኝ። እኔ ልቅደምና ኋላ አስወስዳታለሁ ብዬ...»

«ብለህ ምን?»

«ልጅ የለኝም ብዬ ፈረምኩ።»

ልጮህበት አፌን ከፈትኩ። ግን ምን ብዬ? እኔ ለሷ ስል ሞቷል ብዬ ፈረምኩ፤ እሱም ለሷ ሲል አልወለድኳትም ብሎ ፈረመ። እሱንም ቢሆን ምስክር አምጣ ያለው የለም፤ አሁን ልጅ አለኝ ቢል ግን የቱ ነው ሐሰቱ ይሉታል።

ልጅቷ ይህን እስካሁን አልሰማችም። የልደት ወረቀቷን ደብተሯ ውስጥ አድርጋ ትምህርት ቤት ይዛው ትሄዳለች። ለጓደኞቿ የአባቷን ስም በጣቷ እያሳየች «አለ እኮ፣ ሊወስደኝ ነው» ትላቸዋለች።