መጀመሪያ የተነሣው ሾፌር

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት የማያውቅ ባለሥልጣን እስካሁን አላጋጠመኝም። የእኛ ማዘጋጃ ቤት ሰዎች ግን አንድ ጊዜ፣ ለስምንት ወር ያህል፣ ተረቱን አሳፍረውታል። ከከንቲባው እስከ ጥበቃው ድረስ ግማሽ ደመወዛቸውን ትተው ለከተማው አምቡላንስ ገዙ። ይህን ሳወራ አሁንም ኩራት ይሰማኛል። ወዲያው ደግሞ ጋሽ ዝግታ ትዝ ይለኝና አንገቴን እደፋለሁ።

እኔ የማዘጋጃ ቤቱ ቃለ ጉባኤ ያዥ ነኝ። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ሌላው ሲናገር ጽፌያለሁ፤ ራሴ የተናገርኩት ግን ይኼ ነው የሚባል ነገር የለም። ጋሽ ዝግታ ደግሞ የውሃ ቦቴው ሾፌር ነበር። ቅጽል ስሙን ያወጡለት ጋራዥ ያሉት ጎረምሶች ናቸው። «ዛሬ አህያ ቀደመችህ ወይስ አንተ ቀደምካት?» እያሉ ይተርቡታል። እሱ መሪውን በሁለት እጁ እንደያዘ፣ «ውሃ እኮ እንደ ሌላ ጭነት አርፎ አይቀመጥም። ከኋላዬ ይናጣል። ካስቸኮልኩት እሱ ነው እኔን የሚነዳኝ» ይላቸዋል። ቧንቧ ባልደረሰባቸው ሰፈሮች ሴቶቹ ቦቴው ሲመጣ ድምፁን ለይተው ያውቁት ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት ሲነዳ አንድ ጀሪካን እንኳ አልጨፈለቀም።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። የከተማው ተማሪ ግማሹ የሚለብሰው እሷ የሰፋችውን ዩኒፎርም ነው። አንድ ጊዜ የአንድ ልጅ ሸሚዝ ላይ ቁልፎቹን ሁሉ ከቀዳዳው ትይዩ ሳይሆን አንድ ጣት ዝቅ አድርጋ ተከለቻቸው። ያኔ ነው ዓይኗ መታመሙ የታወቀው። የዓይን ግፊት ነው ተባለ።

ጋሽ ዝግታ ኮፍያውን አውልቆ ቢሮዬ የመጣው በዚያ ሰሞን ነበር።

«እህቴ፣ እጅሽ ቆንጆ ነው፤ አንድ የፈቃድ ማመልከቻ ጻፊልኝ» አለኝ። «ከሁለት ወር በኋላ ለአምስት ቀን። ትልቁ ከተማ ሆስፒታል ቀጠሮ ተሰጥቷታል። ሐኪሙ እንደሆነ ቁርጡን ነግሮናል፤ በቀጠሮዋ ቀን ካልመጣች የቀረውም ብርሃን ይጠፋል፤ ከጠፋ ደግሞ ተመልሶ አይመጣም ብሏል።»

«ለኦፕሬሽኑ የሚሆን አገኘህ?»

«ያጠራቀምኳት አለች። እነዚህን ሁለት ደመወዞች ስጨምርበት ይሞላል።»

ማመልከቻውን በገዛ እጄ ጻፍኩ። ይህን የማነሣው በኋላ «አላውቅም ነበር» እንዳልል ነው።

ሳምንት ሳይሞላ አንዲት ምጥ የያዛት ሴት ቤተሰቦች ዳርቻው ሰፈር ላይ ቦቴውን አስቆሙት። ሌላ መኪና አልነበረም። ጋሽ ዝግታ ውሃውን መንገድ ላይ ደፍቶ፣ ሴትዮዋን ከእናቷ ጋር ጋቢና ጭኖ፣ በዕድሜው ነድቶት በማያውቀው ፍጥነት በረረ። ጤና ጣቢያው በር ላይ ሲደርስ ግን ሕይወቷ አልፎ ነበር። ሕፃኑም አልተረፈም። የጋቢናውን ወንበር ማንም እንዳያግዘው ከልክሎ ለብቻው አጠበው። ከዚያ ወዲህ ጎረምሶቹም መተረቡን ተዉት።

ከንቲባው ወጣት ሰው ነው፤ ነገሩ እንቅልፍ ነሣው። በሦስተኛው ቀን ሠራተኛውን በሙሉ፣ ሾፌርና ጥበቃ ሳይቀር፣ አዳራሽ ሰበሰበ።

እዚህ ላይ ስለ አዳራሻችን አንድ ነገር መናገር አለብኝ። እኛ ጋ ሐሳብ የደገፈ ከመቀመጫው ይነሣል፤ የተቃወመ ወይም ጥያቄ ያለው ቁጭ እንዳለ እጁን ያወጣል። የትም አልተጻፈም። ድሮ ጆሯቸው የከበደ ከንቲባ ነበሩ አሉ፤ «የደገፈ ይነሣልኝ፣ ልየው» ከማለታቸው የቀረ ልማድ ነው። የቢሮ ሠራተኛ ይህን እንደ ስሙ ያውቀዋል። ሾፌር ግን ስብሰባ ሲኖር ውጭ መኪናው ውስጥ ሆኖ ነው የሚጠብቀው፤ ከየት ይወቀው?

ከንቲባው ብዙ አላወራም። «እኔ ለስምንት ወር ግማሽ ደመወዜን ለአምቡላንስ ትቻለሁ። ማንንም አላስገድድም» ብሎ ጠበቀ። ማንም አልተነሣም። የፋይናንስ ኃላፊው ጫማውን እንደ አዲስ ማየት ጀመረ። ያኔ ከኋላ፣ በሩ አጠገብ፣ ወንበር ሲንቋቋ ተሰማ። ጋሽ ዝግታ ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ ተነሥቶ ቆሟል። አፉን ከፈተ።

«ይኸው!» አለ ከንቲባው፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። «ያቺን እናት የጫኑት ጋሼ መጀመሪያ ተነሡልን!» አጨበጨበ። አዳራሹ ግልብጥ ብሎ ተነሣ፤ ጭብጨባው ቤቱን አናወጠው። ሰው በደግነት ሲሰክር ያየሁት ያን ቀን ነው።

ጋሽ ዝግታ አፉን ዘጋ። ዞር ብሎ አየኝ።

ሊል የፈለገውን ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ደግሞ ሊቃወም አልነበረም። ከእሱ በላይ አምቡላንሱን የሚፈልግ ማን አለ? እኔ ግን ቃለ ጉባኤውን ስብሰባው ሳይጀመር ነው የምጽፈው፤ እኛ ጋ መጨረሻው ይታወቃል። «በሙሉ ድምፅ ተወሰነ» የሚለው ከጠዋት ጀምሮ ተጽፎ ተቀምጧል። የቀረኝ የደጋፊው ስም ክፍት ቦታ ነበር። እውነቱን ልናገር? አሥራ አንድ ሰዓት ሆኗል፤ ገጹ አንድ ስርዝ የለበትም፤ የራሴም ግማሽ ደመወዝ እየሄደ ስለነበር ብስጭት ብሎኛል። ስሙን ጻፍኩበትና ፊርማ አሰባሰብኩ።

በማግስቱ ገና ቢሮ ሳይከፈት በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ።

«እህቴ፣ ትናንት እኮ እኔ የተነሣሁት… ‹ከእኔ ላይ ሁለት ወር ቆይቶ ይጀመርልኝ፣ ከዚያ እንደ ፈለጋችሁ› ልል ነበር።»

«ጋሼ፣ ተፈርሞ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል እኮ። መጀመሪያ የተነሣው አንተ ነህ ተብሎ አገር ሁሉ እያወራ ነው። አሁን ሄደህ ‹ለእኔ ይቆየኝ› ብትል ሰው ምን ይላል?»

«እሱስ ልክ ነሽ» አለ። «ምን ይሉኛል።» ኮፍያውን አድርጎ ወደ ቦቴው ሄደ።

ይሉኝታ ስንቱን ቤት እንዳፈረሰ የሚጽፍ ቃለ ጉባኤ የለም። ከንቲባው ቢሮ ከእኔ ቢሮ አራት በር ነው የሚርቀው። አራት በር አልሄድኩም። «ዝም አይነቅዝም» ያለው ሰው የእኔን ዝምታ ከፍቶ ቢያየው ኖሮ ተረቱን ይተወው ነበር።

ስምንቱ ወር አለፈ። ጋሽ ዝግታ ከስቶ ቀበቶውን ሁለቴ በሳው። ስለ ፈቃዱ ማመልከቻ አላነሣም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ሙሉ ደመወዝ በተቀበለ በመጀመሪያው ወር ተበድሮም ምንም ብሎ ሚስቱን ይዞ አምስት ቀን ወጥቶ ተመለሰ። ከዚያ አምቡላንሱ መጣ፤ ሾፌር ማን ይሁን ሲባል የተከራከረ አልነበረም።

የምረቃው ዕለት ከንቲባው ሪባኑን እንዲቆርጥ ጠራው። ሚስቱን በክንዷ ይዞ መጣ። ደረጃው ጋ ሲደርሱ ጆሮዋ ላይ አንድ ነገር አላት፤ እግሯን አንሥታ አየሩን ረገጠች። ሰው እያጨበጨበ ነበር። እኔ ግን ደረጃውን እንዳላየችው ገባኝ።

በማግስቱ ጠየቅሁት። «ዘገያችሁ አለኝ ሐኪሙ፣ ኮሪደር ላይ ጠርቶ» አለ። ሌላ አልጨመረም። የአምቡላንሱን መስታወት መወልወል ቀጠለ።

ያን ጊዜ አራቱን በር ሄድኩ። ከንቲባው ሰምቶ ሲጨርስ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «አንድ ቃል እኮ ነበር» አለ። «የእኔን እሰጠው ነበር። ሁላችንም እንሰጠው ነበር። ለምን?» ጥፋቱን በእሱ ጥድፊያ ላይ ላሳብብ ቃጥቶኝ ነበር፤ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ እንደሚሉት ነው። ተውኩት።

ቅዳሜ ከሰዓት ወደ ቤታቸው ሄድኩ። አንድ ክፍል ነው። የስፌት መኪናው መስኮቱ ሥር በአንሶላ ተሸፍኗል። እሷ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ የታጠበ ልብስ በዳበሳ ታጥፋለች። በድምፄ አወቀችኝ፤ ደስ አላት፤ ሻይ ላፍላ ብላ ተነሣች። እጇን ይዤ አስቀመጥኳት።

«እትዬ፣ ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት» አልኳት። ተቀብላኝ እንዳታቋርጠኝ ቸኮልኩ። «ያን ቀን የተነሣው ሊደግፍ አልነበረም። ለቀጠሮሽ ብሎ ሁለት ወር ይቆይልኝ ሊል ነው። አውቄ ዝም አልኩ። በማግስቱም ለምኖኝ አፉን ያስያዝኩት እኔ ነኝ። እኔ ባልሆን በቀጠሮሽ ቀን ትሄጂ ነበር።»

እጆቿ ልብሱ ላይ ቆሙ።

«ቀጠሮውን ሐኪሙ ነው ያራዘመው ብሎኝ ነበር እኮ» አለች።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ይቅርታ ልጠይቅ ሄጄ፣ ሰውየው ብቻውን ተሸክሞት የከረመውን ነገር አውጥቼ እግሯ ሥር ጣልኩት። ልቤን ላቀልል ብዬ።

የያዘችውን ልብስ አጥፋ ጭኗ ላይ አስቀመጠች። «እንቅልፍ አልነበረውም» አለች በመጨረሻ። «ሌሊት ሌሊት ቁጭ ይላል። እኔ ስለዚያች ወላድ የሚያስብ መስሎኝ፣ ‹ያንተ ጥፋት አይደለም› እያልኩ አጽናናው ነበር።» አላለቀሰችም። ያለቀስኩት እኔ ነኝ፤ እንባዬን እንኳ እሷ ናት ፊቴን ፈልጋ በመዳፏ የጠረገችው።

ውጭ መኪና ቆመ። እሷ ከእኔ ቀድማ ሰማችው። አንጓዬን ፈልጋ ጥብቅ አድርጋ ያዘች።

«ማወቄን እንዳትነግሪው» አለች በሹክሹክታ። «ይህን ከሰማ ይሞትብኛል። በእናትሽ።»

ጋሽ ዝግታ በሩ ላይ ጫማውን አውልቆ ገባ። ዓይኔ ማበጡን አየ፤ ወደ እሷ ዞረ፤ ፊቱ ላይ ፍርሃት ነበር።

«ምን እያወራችሁ ነው?»

«ስለ መኪናህ ነዋ!» አለች ሚስቱ። ፊቷ በሣቅ በራ። «ምን ዓይነት ነጭ እንደሆነች እያስረዳችኝ ነው። አንተ እንደሆነ አትነግረኝ!»

ትንፋሹ ሲመለስ ሰማሁት። ከዚያ እኔን አየኝ፣ እውነት ነው እንድለው።

«አዎ ጋሼ» አልኩ። «ስለ መኪናህ ነው።»