ሰርዶው የያዘው አሸዋ

እኔ እግሬ አያርፍም። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ አንዱ ልጄ ዘንድ ከርሜ ወደ ሌላው እሄዳለሁ፤ ከደብረ ኤልያስ ወደ አማኑኤል፣ ከአማኑኤል ወደ ደብረ ወርቅ። ንግሥ ካለ ለንግሡ፣ አራስ ካለች ለአራሷ። ልጆቼ «እማዬ ደግሞ ዛሬ የት ናት?» ይባባላሉ። በዚያ ዓመት ግን በጋውን ሙሉ ማለት ይቻላል ደብረ ማርቆስ፣ ትንሿ ልጄ ቤት ነበርኩ። ያስቀመጠኝ አማቼ ነው።

አማቼ ግንበኛ ነበር። ፊት ለፊት አንቱ እንባባላለን፤ የኛ አገር አማትና አማች እንዲህ ነው። ከፎቅ መወጣጫ ላይ ወድቆ ወገቡንና እግሩን ተጎዳ። ሐኪም ቤት ከርሞ በሁለት ክራንች ወጣ። ሐኪሙ ለልጄ «በየቀኑ ይራመድ፤ ካልተራመደ እግሩ እንደ ደረቀ ይቀራል» ብሎ ነገራት። መራመዱ ግን የት ላይ ነው? ግቢያቸው አሸዋ ነው። ለሥራው የሚያስመጣው የወንዝ አሸዋ ለዓመታት የተራገፈው እዚያው ነበርና፣ ከቤቱ ደጃፍ እስከ አጥሩ ድረስ አፈሩ ተቀብሮ ቀርቷል። ያ ሁሉ የማርቆስ ዝናብ ሲወርድበት ከርሞ፣ ጥቅምት ካለፈ እርጥበት የሚባል አይገኝበትም። በጋ ላይ ነፋስ ሲነሣ ቤት ገብቶ ሊጥ ውስጥ ይወድቃል። ክራንቹን ሲተክልበት ደግሞ ይሰምጣል። አንድ ቀን ጎረቤት እያየው ወደቀ፤ አንሥተው አስገቡት። ከዚያ ወዲያ ደጃፉ ላይ ወንበር አስወጥቶ መቀመጥ ብቻ ሆነ።

«ሲሚንቶ እናስደርገው» አለች ልጄ።

«ድንጋይና ሲሚንቶ ያደረገኝን አየሽ አይደል? እሱ ላይ ዳግመኛ ከምወድቅ ወንበሬ ላይ ልሙት» አላት።

ልጄ ጓዳ ገብታ አለቀሰች። እኔ ለእንባ መላ የለኝም፤ እጄ የሚያውቀው መሬት ነው። ተከትያት ገብቼ «ሣር እናብቅልለት» አልኳት።

«አሸዋ ላይ?»

«አሸዋ ላይ።» አፌ አለ እንጂ ልቤስ አላለም።

ከከተማው በታች ውሃ የሚተኛበት ጨፌ አለ፤ በጋ ከክረምት የማይደርቅ ለምለም ሜዳ። ጠባቂውን ሽማግሌ አስፈቅጄ ሣሩን ከነአፈሩ በዶማ እየቆረጥኩ በጆንያ አስመጣሁ። እንደ ዳቦ ቁራሽ ጎን ለጎን ደረደርኩት። ለጥቂት ቀን ግቢው ለበዓል የተጎዘጎዘ ቤት መሰለ። ከዚያ ቢጫ ሆነ፤ ከዚያ ነጣ። ከቦኖ የተቀዳውን ውሃ በጀሪካን ሳፈስበት አሸዋው ስርግ አድርጎ ይጠጣና ያንኑ ደረቅ ፊቱን መልሶ ያሳየኛል። ደግሞ ወረድኩ፣ ደግሞ ደረደርኩ፣ ደግሞ ነጣ።

በዚህ ሁሉ መሀል እጄ አንድ ሌላ ሥራ ይሠራ ነበር፤ ሰርዶ ይነቅላል። ከጨፌው ሣር ጋር ተሸሽጎ የመጣ ሰርዶ ጫፉን ብቅ ባደረገ ቁጥር ከሥሩ እመዘዋለሁ። ምን ላድርግ፣ የገበሬ ሚስት ነኝ። ሰርዶ ለኛ የጤፍ ጠላት ነው። ባሌ ማሳውን ደጋግሞ ሲያርስ እኔ ከኋላው ጎንበስ ብዬ ከጓሉ ውስጥ እየለቀምኩ ፀሐይ ላይ ሳሰጣው ነው ያረጀሁት። እጄ ሳይጠይቀኝ ይነቅላል። የነቀልኩትን የምጥለውም በአጥሩ ጥግ ከቀረችው የአሸዋ ክምር ላይ ነበር፤ የዕቃ እጣቢ የሚደፋባት።

ሁለተኛውም ሣር ሲሞት አማቼ ከወንበሩ ሆኖ «እማ፣ ይተዉት። አሸዋውም እንደኔ እግር ነው፤ ምንም አያቆምም» አለኝ። ያ ቃል አላስቀመጠኝም። ነጠላዬን አጣፍቼ ለአስተርእዮ ማርያም ወደ ደብረ ወርቅ ሄድኩ፤ እዚያው ከዘመድ ዘመድ እየዞርኩ ሰነበትኩ።

ተመልሼ የግቢውን በር ስከፍት ዓይኔ ጥጉ ላይ ተተክሎ ቀረ። ያቺ የአሸዋ ክምር አረንጓዴ ሆናለች።

በስመ አብ ብዬ አማተብኩ። የነቀልኩት፣ ሞቷል ብዬ የጣልኩት ሰርዶ ሥር ሰዶ፣ ከክምሩ ወርዶ ወደ ግቢው መሀል እጁን እየዘረጋ ነው። ያቺ ክምር ዱሮ ዶሮ ስትወጣባት እንኳ ትናድ ነበር። እግሬን ጫን አድርጌ ቆምኩባት፤ አልተናደችም። ጫማዬን አውልቄ ደግሜ ቆምኩባት። ተንበርክኬ ጫር ጫር ሳደርግ ሥሩ ነጭ ክር ነው፤ ክሩ ከክር ተያይዞ አሸዋውን እንደ ስፌት ቋጥሮ ይዞታል። እጄን እስከ ክርኔ ሰደድኩት፤ መጨረሻውን አላገኘሁትም። ዕድሜዬን ሙሉ ከመሬት ስጎትተው ኖሬ፣ መሬት ውስጥ ምን እንደሚሠራ አንድ ቀን እንኳ አላየሁም ነበር። ዝናብ የለ፣ አፈር የለ፣ ወዳጅ የለው፤ የሰጠነው የዕቃ እጣቢ ብቻ። ፈጣሪዬ፣ ይቺን ቀጭን ነገር ምን አድርገህ ሠራሃት እያልኩ እዚያው ተንበርክኬ ቀረሁ።

«እማዬ፣ ምን ሆነሽ ነው?» አለች ልጄ ከቤት ወጥታ።

«ነይ እይው።»

«ሰርዶ ነው እኮ!»

«አዎ፣ ሰርዶ ነው» አልኳት።

በማግስቱ ጀመርኩ። አሸዋው ላይ የከብት ፍግና ጥቁር ዋልካ አፈር ደባለቅኩበት። ሰርዶውን አንጓ አንጓውን እየቆረጥኩ፣ ጫፉ ብቻ ብቅ እንዲል አድርጌ በመስመር በመስመር ቀበርኩት። ጎረቤታችን፣ ጠላ ጠምቃ የምትሸጥ ሳቂታ ሴት፣ በአጥሩ ላይ አንገቷን አውጥታ አየችኝ።

«እትዬ፣ እርጅናው መጣ መሰል! አገሩ ሁሉ ነቅሎ የሚጥለውን እርስዎ ይተክሉታል? ነገ ደግሞ እንክርዳድ ሊዘሩ ነው?»

«አንቺ ጠላሽን ጥመቂ። ይልቅ እጣቢሽን አትድፊው፣ አቀብዪኝ» አልኳት።

ሳቀች፤ ሲመሻሽ ግን እጣቢዋን በባልዲ በአጥሩ ላይ አሻገረችልኝ። ከዚያ ወዲያ አላቋረጠችም። ጠዋት ፀሐይ ሳትከር፣ ማታ ጥላ ሲወድቅ አጠጣለሁ፤ ቀትር ላይ ያጠጣሁ እንደሆነ ፀሐይዋ ናት የምትጠጣው።

አንድ ጠዋት ጎንበስ ብዬ ሳለሁ ከኋላዬ «እማ፣ በግራ በኩል ዝቅ ብሏል» የሚል ሰማሁ።

«ምኑ?»

«መሬቱ ነዋ። ክረምት ሲገባ ውሃ ይተኛበትና ይበሰብስብዎታል።»

ሲባጎና ውሃ ልክ ከመሣሪያ ሣጥኑ፣ መደልደያ ጣውላም ከጓዳ አስወጣ። ከወንበሩ ሳይነሣ እኔን በወዲህ፣ ልጄን በወዲያ አቁሞ አሠራን። «ወደ ላይ! አንቺ ሴት፣ ወደ ላይ እኮ ነው ያልኩሽ! ጣውላውን ምን አጣመመው?» ሲሰድቧት ፊቷ የሚበራ ሰው ያን ቀን አየሁ። ልጄ ናት፤ ከወደቀ ወዲህ እንዲህ ጮሆባት አያውቅም።

ሰርዶው ሄደ። ማታ ያየሁት ጫፍ ጠዋት ሌላ ቦታ ነው። መስመሩ ከመስመሩ ተገናኘ፤ ባዶው አሸዋ እየጠበበ መጣ። ሲረዝም ቁጢጥ ብዬ በማጭድ አጨድኩት፤ ባጨድኩት ቁጥር ወደ ጎን እየተኛ ተጠጋጋ። ያጨድኩትን ለጎረቤቲቱ በግ ሰጠሁ፤ በጓ ግን በአጥሩ ቀዳዳ የቀረውንም ስትመኝ ውላ ታድራለች። ነፋሱ እንደ ልማዱ ሲነሣ ሊጡ ውስጥ አሸዋ አልገባም። ጎህ ሲቀድ ጤዛው ላይ ባዶ እግሬን ቆሜ ዝም ብዬ አየዋለሁ። ስንቱን ገዳምና ደብር ዞሬ እንደዚያ ዝም ያሰኘኝ ጥቂት ነው።

ፋሲካ አልፎ፣ ልጄ ገበያ በሄደችበት ከሰዓት፣ አማቼ «እማ፣ ክራንቼን ያቀብሉኝ» አለኝ። አቀበልኩት። የአንዱን ጫፍ ሣሩ ላይ ተከለና ጠበቀ። አልሰመጠም። ደረቱን አሳርፎ ተጫነው። አልሰመጠም። ከደጃፉ ወደ ሣሩ ወረደ። እጄን ዘርግቼ ከኋላው ተከተልኩት። አንድ እርምጃ፣ ደግሞ አንድ። ግቢው መሀል ሲደርስ ተሻግሮ የተዘረጋ የሰርዶ ጅማት እግሩን ጠለፈውና በጎኑ ወደቀ።

ጮህኩ። ጎረቤቲቱ በአጥሩ ላይ ብቅ አለች።

«ዝም በሉ!» አለ። ጉንጩ ሣሩ ላይ ነው። እጁን ዘርግቶ ሣሩን ዳሰሰ። «አላመመኝም።» ከዚያ ተገላብጦ በጀርባው ተኛና ሰማይ ሰማዩን ማየት ጀመረ።

«ጋሼ፣ አልጋ ላንጥፍልዎት?» አለች ጎረቤቲቱ ድንጋጤዋ ሲለቃት።

«ትራስ ብቻ» አላት።

በትከሻዬና በክራንቹ ተነሣ። ወደ ወንበሩ ይመለሳል ብዬ ነበር፤ እሱ ግን ወደ ግቢው በር ቀጠለ። በሩ ጋ ሲደርስ ልጄ ከውጭ አንኳኳች፤ ራሱ ከፈተላት። ዘንቢሏን እንዳንጠለጠለች ቆማ ቀረች።

እኔ ያን ጊዜ እጄ ወደ ልማዱ ሄዷል። የጠለፈውን ጅማት ይዤ ልመዘው ጎንበስ ብያለሁ።

«ይተዉት፣ እማ» አለ ከበሩ ላይ ሆኖ፣ እያለከለከ። «እኔ እግሬን አነሣለሁ።»

እጄን ሰበሰብኩ።