ሳል የያዛት ፒካፕ

ስመኘው ጎረቤቴ ነው፤ የሚለየን አንድ የቅንጭብ አጥር ነው። ረጅም፣ ጭምት፣ ሲናገር ድምፁን ዝቅ የሚያደርግ ሰው ነው። ከአባቱ መሬት ለእሱ የደረሰችው ማሳ ጥማድ በሬ እንኳ እንደልብ የማታዞር ሆነችበት። ስለዚህ ድርሻውን ለወንድሞቹ ለቀቀ፣ በሬዎቹን ሸጠ፣ ሚስቱ ያምሮት የአንገት ወርቋን አውልቃ ሰጠችው፤ አንዲት አሮጌ የናፍታ ፒካፕ ገዝቶ ወደ እኛዋ ማንኩሳ ይዟት ገባ።

ድሮ ነጭ ነበረች ይላሉ። እኔ ሳውቃት መልኳ የተቆላ ገብስ ይመስል ነበር። የግራ በሯ ከውስጥ አይከፈትም፤ ስመኘው በመስኮት እጁን አውጥቶ ነው የሚከፍተው። የናፍታ ታንከሯ ክዳን ከጠፋ ቆይቷልና በፌስታል የተጠቀለለ ጨርቅ ይወተፍበታል። ያምሮት ከአሮጌ ጋቢ የወንበር ልብስ ሰፍታላት ነበር፣ ጠርዙን በቀይ ክር ዘምዝማ። እኔ ያን ልብስ ባየሁት ቁጥር ደስ ይለኝ ነበር፤ መኪና ሳይሆን የሰው አልጋ ያለበሰች ትመስል ነበር።

በዚያች ፒካፕ በቆሎና በርበሬ ወደ ቡሬ ይሄዳል፤ ሲሚንቶና ቆርቆሮ ከፍኖተ ሰላም ይመጣል። ሙሽራ ከነሚዜዎቹ ተጭኖባታል። ከሩቅ አገር ሬሳም አምጥታለች። ስመኘው ስለ እሷ ሲያወራ እንደ ላም ነው። «ዛሬ ደክሟት ዋለች፤» ይላል። «ሳላጠጣት አላሳድራትም፤» ይላል። ልጆቹ የሚበሉት፣ እናቱ የምትለብሰው፣ ያምሮት ለማኅበር የምታወጣው ሁሉ ከዚያች መኪና ነበር። ሌላ ምንም የለውም። ይህን ሁላችንም እናውቃለን።

እናቱ እትየ አቻምየለሽ ከእሱ ጋር ነው የምትኖር። እኩያዬ ናት፤ ዓይኗ ደክሟል፣ እግሯ ግን ደህና ነው። ጠዋት ጠዋት እህል ሳትቀምስ ትንሿን ቢጫ ጀሪካን ይዛ ወደ ሚካኤል ጠበል ትወርዳለች።

ነገሩ የጀመረው ናፍታ የጠፋ ሰሞን ነው። ማደያዎቹ ገመድ አጥረው ዘጉ። ያን ጊዜ መንገድ ዳር ሱቅ ያለው ዘመኑ ከሱቁ ጀርባ በጀሪካን መሸጥ ጀመረ፤ ከየት እንደሚያመጣው አይጠየቅም። ዘመኑ ለስመኘው ሌላ ሰው አይደለም፤ ታናሿን ልጁን ክርስትና ያነሣ አበልጁ ነው። ስመኘውም ሳያሸት፣ ሳያይ፣ አምኖ ይገዛው ነበር።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ እሳት ልጭር ብገባ ስመኘው ራቱን ሳይነካ ፊቱ አስቀምጧል።

«ምነው ልጄ፣ ፊትህ ጠቆረ?» አለችው እናቱ።

«መኪናዋ ታመመችብኝ እምየ። ዳገት ስትይዝ ያስላታል። ትንፋሽ ያጥራታል። ነጭ ጭስ ትተፋለች።»

«ከመቸ ወዲህ?»

«ሰሞኑን ነው። አሁንስ ፈራሁ።»

ያምሮት ቀልደኛ ናት። «ዓይን በልቷት ይሆናላ!» አለች። «ከመካኒክ ይልቅ ጠበል ይዘዋት ይውረዱ እንጂ እምየ!»

ሁላችንም ሳቅን። እትየ አቻምየለሽ ግን አልሳቀችም። «ብርድ ይሆናል፤» ብላ ነጠላዋን አጣፋች።

በማግስቱ ስመኘው የገበሬ በርበሬ ጭኖ፣ ባለቤቶቹን ከላይ አስቀምጦ ወደ ቡሬ ተነሣ። ብዙ አልሄደም። ዳገቱ ወገብ ላይ ሲደርስ ሞተሩ አንድ ሁለቴ ተንፈራግጦ ቀጥ አለ። ቁልፉን ቢያዞር እምቢ። ደግሞ ቢያዞር እምቢ። ባትሪው እስኪያልቅ አዞረ። ከዚያ ባለ በርበሬዎቹ ወርደው መኪናዋን ወደ ቁልቁለቱ አዙረው ገፏት። ተነሣች። «እሰይ!» ብለው ሳይጨርሱ ከሆዷ ውስጥ ድንጋይ በድንጋይ ላይ የተመታ ያህል ድምፅ ወጣ፤ ያ ሆነ መጨረሻዋ። በገመድ አንድ አይሱዙ ጎትቶ ቡሬ አስገባት።

የቡሬው መካኒክ አሸናፊ አፈ ፈጣን ነው፤ ሰውን ሁሉ በግማሽ ስሙ ነው የሚጠራ። የናፍታ ማጣሪያውን ፈታ፣ ከታንከሩም ሥር ቀዳ፣ በባዶ የውኃ ፕላስቲክ አድርጎ ወደ ፀሐይ ከፍ አደረገው። ከላይ ቢጫ ናፍታ፣ ከሥር ጥርት ያለ ውኃ።

«ስሜ፣ ይኼን ነው የምትነዳበት?» አለው። «ይኼ ናፍታ ሳይሆን የተዘፈዘፈ አብሽ ነው ወንድሜ!»

«ውኃ ከየት ገባ?»

«እኔን ትጠይቀኛለህ? የሸጠልህን ጠይቅ! ፓምፑን በልቶታል። ናፍታውን የሚረጩት ኖዝሎችም አልቀዋል። ደግሞ ገፍተህ ስታስነሣት ውኃው ከፒስቶኑ በላይ ገብቶ ዘንጉን አጥፎታል። ሲያስላት ብትመጣ ኖሮ ማጣሪያ ቀይሬ በሰዓቱ እሸኝህ ነበር።»

«አትድንም?»

አሸናፊ ቀልዱን ተወ። እጁን በጨርቅ ጠረገ። «ትድናለች። ዕቃው ከባሕር ዳር ነው የሚመጣ፣ እሱም መንገድ ሲከፈት። ዋጋው ግን ያንተ አቅም አይደለም፤ እንዳልዋሽህ።»

ስመኘው ያን ፕላስቲክ ጭኑ ላይ አስቀምጦ በሚኒባስ ተመለሰ። በቀጥታ የሄደው ዘመኑ ሱቅ ነው። እኔ ሳሙና ልገዛ ቆሜ ነበር።

«አበልጄ፣» አለ ድምፁን ሳያነሣ፣ «ውኃ ነው እንዴ የሸጥህልኝ?»

«ምን አልህ?»

«እየው።» ፕላስቲኩን ሚዛኑ አጠገብ አኖረው።

«ወንዝ ወርጄ ቀድቼ ነዋ የምሸጥልህ! ሰው ምን ይላል ስመኘው? ልጅህን አቅፌ ያነሣሁ ሰው ነኝ!»

«ለዚያ እኮ ነው ሳላሸት የገዛሁህ።»

ዘመኑ ፊቱ ደም መሰለ። እኔም ሳሙናዬን ሳልይዝ ወጣሁ።

ነገሩ ሽማግሌ ላይ ወደቀ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ ዋንዛው ሥር ተቀመጡ። በመካከል አለቃ ወልደ ዮሐንስ፣ ቅኔ የተማሩ፣ ቃል የሚመዝኑ ሰው ናቸው። በቀኛቸው አያ ገብረሰንበት፣ አጠገባቸው ሌሎች ሁለት ሽማግሎች። ፕላስቲኩ መካከል ላይ ድንጋይ ላይ ቆሟል። እትየ አቻምየለሽን ደግፌ የመጣሁት እኔ ነኝ፤ ሴቶቹ ካሉበት ከአጥሩ ጥግ ተቀመጥን። ያምሮት ቤት ቀረች፤ ሆዴ አይችልም ብላ።

ስመኘው ተነሥቶ ተናገረ። አጭር ነበር። «እኔ መሬት የለኝም። በሬ የለኝም። ያለችኝ እሷ ነበረች። አበልጄ አውቆ ነው አልልም። ግን ውኃው ይኸው። ፓምፑን ያግዘኝና ሌላውን እኔ ተሸክሜም ቢሆን እጨርሳለሁ።»

አለቃ ወደ ዘመኑ ዞሩ። «ዘመኑ፣ ወይ ታግዘዋለህ፣ ወይ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆመህ ውኃ አልቀላቀልሁም ብለህ ትምላለህ። ሌላ መንገድ የለንም።»

ዘመኑ ጫማውን አወለቀ። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በር ተራመደ። ከደረጃው ሲደርስ ቆመ። ዞሮ ሲመጣ ላብ በላብ ሆኗል።

«አባቶች፣ ውኃ አልጨመርሁም። ላምባ ግን…» አለና ወደ መሬት አየ። «ላምባ ጠብ አደርግ ነበር፤ ትንሽ ትንሽ። ሁሉም ያደርጋል። አሁን ስለ ውኃው ብምል ያ ላምባ ጉሮሮዬን ያንቀኛል። ከምምል ፓምፑን ልግዛለት።»

ስመኘው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። አንዷ ሴት እልል ልትል አፏን ከፍታ ቦታው አስፈራትና ዘጋችው። አለቃም ደስ አላቸው። «ይባርክህ። በሉ ይቺን የምትሸት ነገር ከፊቴ አንሡልኝ፤ ድፏትና ጸሎት አድርሰን እንነሣ።»

አያ ገብረሰንበት ፕላስቲኩን አንሥተው ወደ መንገዱ ሊደፉ ዘንበል ሲያደርጉት፣ እትየ አቻምየለሽ ከአጠገቤ ብድግ አለች።

«አያ ገብረሰንበት! በሞቴ፣ ከሚረገጥ ቦታ እንዳይደፉት!»

እሳቸው ሳቁ። «ናፍታ እኮ ነው እትየ አቻምየለሽ። ቢረገጥ ምን ይላል?»

«ናፍታውን አላልሁም። ጠበሉን ነው እንጂ!»

ከሚረገጥ ቦታ የማይደፋ ውኃ አንድ ብቻ ነው፤ ይህን ሕፃንም ያውቃል። አለቃ ወልደ ዮሐንስ ቀስ ብለው መቋሚያቸውን ከጉልበታቸው አነሡ።

«የምን ጠበል ነው፣ እቴ?»

«መኪናዋን ያጠጣኋት ነዋ አባቴ። የሚካኤልን። ሳል ይዟት አልነበረም? ቡሬ የወረደ ዕለት በማለዳ፣ እሱ በሚያጠጣት በኩል፣ ጨርቁን አውጥቼ፣ በስመ አብ ብዬ ነው ያጠጣኋት። የዚህ ሰውየ ውኃ ነው እንጂ የጎዳት የኔማ ጠበል ነው፤ መዳኛዋ ነበር።»

«ምን ያህል አጠጣሻት?»

«ጀሪካኗን ሁሉ። ለሰው የሚበቃ ጭልፋማ ለሷ ምኗ ይሆናል? ትልቅ አይደለች!»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቅ አመለጠውና አፉን በጋቢው ያዘ። ከዚያ ማንም አልሳቀም። ዘመኑ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ «ተመስገን፣ ተመስገን» ይላል። እትየ አቻምየለሽ የሰውን ዝምታ ሰማች እንጂ ፊቱን አላየችም። ወደኔ ዞራ በሹክሹክታ «ምን አልሁ?» አለችኝ። ክንዷን ያዝሁ።

አለቃ ወደ ስመኘው ዞሩ። «ስመኘው፣ ልጄ፣» አሉ፣ «ይህ ውኃ ከላይ የመጣ ነው። እኛ ታች ያለን ሰዎች ማንን እናስከፍልበታለን?»

ዘመኑ ቀና ብሎ ስመኘውን አየው። አንድ ቃል ቢለምነው ኖሮ ያግዘው ነበር ብዬ አስባለሁ፤ እንጃ። ስመኘው ግን ተነሣ። ፕላስቲኩን ከአያ ገብረሰንበት እጅ ተቀብሎ አጥሩ ጥግ ካለው ጥድ ሥር፣ እግር ከማይደርስበት፣ ቀስ አድርጎ አፈሰሰው። «ማንም አይማል። ማንም አይክፈል፤» አለ።

ወደ ቤት ስንመለስ እሱ ከፊት፣ እኛ ከኋላ ነበርን። ጉራንጉሩ ጋ ሲደርስ ዞሮ ቆመ።

«ለምን አልነገርሽኝም እምየ?» ድምፁን ሲያነሣ ያን ቀን ነው የሰማሁት። «ለምን?»

«ስለት እኮ ነው ልጄ። ሳይደርስ ይነገራል እንዴ? ስትድንልህ ልነግርህ ነበር።»

ፊቱን አዞረ።

«እኔ ነኝ የገደልኋት?» አለችው።

ስመኘው እናቱን አየ፤ ወደ መንገዱ አየ። «ቀድሞም ታማ ነበር፤» አለ። አይደለሽም ግን አላለም። እሷም ይህን ሰምታለች፤ ክንዴን የያዘችበት እጅ ጠበቀ።

ፒካፗ ከቡሬ አልተመለሰችም። አሸናፊ ቦታ ጠቦት ስለነበር ገዥ አመጣ፤ ጎማዋን አንዱ፣ ካቢኗን አንዱ ወሰዱ። ሞተሩ በሰንሰለት ተሰቅሎ ሲወጣ ስመኘው አጠገቡ ነበር አሉኝ። የወንበሩን ልብስ አጣጥፎ በፌስታል ይዞ መጣ። ያምሮት ተቀብላ አጠበችው፤ ቀይ ክሩ ለቀቀ።

አሁን ቡሬ እህል መጋዘን ጆንያ ይሸከማል። ጠዋት በሰው መኪና ጭነት ላይ ተቀምጦ ይሄዳል፣ አመሻሽ ላይ እንዲያው ይመለሳል። ሥራ የሌለ ቀን ደጁ ላይ ይቀመጣል። እትየ አቻምየለሽ ጠበል መውረድ አልተወችም፤ የምትቀዳው ግን በብርሌ ነው፣ ለራሷ ብቻ። ከልጇ ጋር ይነጋገራሉ። ስለ ማገዶ፣ ስለ ዝናብ። ስለዚያች ነገር አያነሡም።

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የላይ ሰፈሩ ላቀው እየሮጠ መጣ። ወንድሙ ትዕዛዙ ከጣራ ወድቆ አይናገርም። መንገድ ላይ ባጃጅም የለም፣ ሚኒባስም የለም፤ ሰሞኑን እንዲህ ነው።

«ስመኘው! ስመኘው! ድረስልኝ!»

ስመኘው ከተቀመጠበት ተነሥቶ እጁን ወደ ሱሪ ኪሱ ከተተ። ቁልፍ ሲፈልግ ነው። እጁ እዚያው ኪሱ ውስጥ እንዳለ ግቢው መካከል ቆመ። ላቀውም ያን ጊዜ ትዝ አለውና እጁን ራሱ ላይ ጫነ። እትየ አቻምየለሽ ከደጃፉ ሆና ሁሉንም ትሰማለች።

ሁለት እንጨት ተቆረጠ፣ ገመድ ታሰረበት። ትዕዛዙን በዚያ ቃሬዛ አስተኙት። ስመኘው የፊተኛውን ጫፍ ትከሻው ላይ አደረገ፤ ወደ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል መንገድ ወጡ። አቧራው እስኪጋርዳቸው ቆሜ አየሁ። እትየ አቻምየለሽ «ሄዱ?» አለችኝ። «ሄዱ፤» አልኋት። «በእግር?» አለችኝ።