ተረቱ ለሰካራም፣ ድምፁ ለባለቤት

ልጅ ሳለሁ ከቤታችን የሚወጣ ጠጪ ሁሉ ምሰሶውን መትቶ ነበር የሚወጣው። ቡሬ ላይ የእናቴ ጠጅ ቤት የታወቀው በጠጁ ብቻ አልነበረም፤ መሀል ላይ በቆመው፣ አንድ ሰው አቅፎ በማይጨርሰው ምሰሶም ነበር። ያኔ፣ መንግሥት ተለውጦ ብዙም ሳይቆይ፣ መብራት መጣ ሲባል ይሄድ ስለነበር፣ እናቴ ኩራዙን ምሰሶው ላይ በተመታው ሚስማር ታንጠለጥለዋለች። ጣሪያውን ጭስ አጥቁሮታል፤ ምሰሶው ግን በሰው ትከሻ ልክ የመዳፍ ብዛት አለስልሶት፣ በምድጃው ፍም ብርሃን ቅቤ የተቀባ ይመስል ነበር።

ተረቱን የሚነግሩን አያ ዘለቀ ነበሩ፤ ቤቱ ሲሠራ በልጅነታቸው ጭቃ ያቦኩ ሽማግሌ። ምሰሶው መጀመሪያ ዛፍ ነበር ይሉናል፤ ከዓባይ ማዶ ቡና ጭነው የሚመጡ ነጋዴዎች በቅሎ የሚያስሩበት። ቅድመ አያቴ ከጥላው ሥር ጠጅ ስትሸጥ ኖራ፣ ዛፉ ሲደርቅ ግንዱን አስጠርባ ቤት ሠራችበት። አንድ ኩሩ ነጋዴ «እኔ ለእንጨት እጅ አልነሳም» ብሎ ምሰሶውን ሳይመታ ወጣ፤ ዓባይ ላይ በቅሎው ተሻገረች፣ እሱ ቀረ። ጠጪው ይስቃል፤ ሲወጣ ግን የሚረሳ የለም።

አንድ ምሽት ፈራሁና ጠየቅኋቸው።

«አያ ዘለቀ፣ እውነት ምሰሶው ይቀየማል?»

«እንጨት ምን ቅያሜ ያውቃል፣ ልጄ!» ብለው ጆሮዬን ከምሰሶው አስጠጉና በቡጢ መቱት። «ሰማሽ? ሙሉ ነው። ምስጥ የገባው ለት እንደ ባዶ ቅል ይጮኻል። ተረቱ ለሰካራም ነው፤ ድምፁ ለባለቤት።»

ዘመን ሄደ። አያ ዘለቀም እናቴም አለፉ፤ ቤቱን እኔና ባለቤቴ አንተነህ ያዝነው። ቅርስ ተብሎ የተመዘገበው ያን ጊዜ ነው። ደስ ብሎን ሙክት አረድን። መዝጋቢዎቹ የነጋዴውን ተረት በሰሌዳ ጽፈው ሰቀሉ፤ ምሰሶውን በገመድ አጥረው «መንካት ክልክል ነው» አሉ። ስለ ድምፁ ነገርኋቸው።

«እሱም ጥሩ አፈ ታሪክ ነው፣ እትዬ» አለኝ አንዱ፣ እየሳቀ።

ከዓመታት በኋላ፣ ክረምት ሲገባ፣ አንተነህ ገመዱን ተሻግሮ መታው። ሁለታችንም ሰማን፤ ባዶ ቅል። እንቀይረው ብሎ ቅርስ ቢሮ ቢመላለስ «ቅርስ አይነካም፤ ባለሙያ እስኪመጣ ጠብቁ» አሉት። ዝናቡ ግን አልጠበቀም። ጠጪውን መልሰን ቤቱን ዘጋን። አንድ ጧት ጣሪያው መንቋቋት ሲጀምር፣ አንተነህ ባላ ይዞ ሊደግፈው ተነሣ።

«ተው፣ ይቅርብን» አልሁት።

«የእናትሽ ቤት እያየሁት ይውደቅ?» ብሎኝ ገባ። አልወጣም።

ባለሙያዎቹ በሰልስቱ መጡ። ፎቶ አነሡ፤ «ቅርሱ ክፉኛ ተጎድቷል» ተባባሉ። ስለ አንተነህ የጠየቀኝ የለም። ለቅሶ ደራሹ በበኩሉ «ምሰሶሽ ወደቀ» እያለ ደረቱን ይደቃል፤ ባሏ ለሞተባት ሁሉ የሚባል ነው። እኔ ግን የቱን እንደሚሉኝ መለየት አቃተኝ።

ሰሌዳው ዛሬም ባልወደቀው ግድግዳ ላይ አለ፤ መንገደኛ እየቆመ የነጋዴውን ተረት ያነባል። ድምፁ አልተጻፈበትም። ከዚያ ሁሉ ምሽት እኔ ዘንድ የቀረው እሱ ነው። በተከራየኋት ክፍል፣ ማታ በሩን ከመዝጋቴ በፊት፣ መቃኑን በመዳፌ እመታለሁ።

«እማዬ፣ ማን መጣ?» ትለኛለች ልጄ።

«ማንም» እላታለሁ፤ ጆሮዬን አስጠግቼ።