«ከኋላ ማን አለ?»

አባባ የምንላቸው አጎቴ ማክሰኞ ጠዋት ዲላ አጠገብ ጪጩ በሚገኘው የቡና ማሳችን ከተጎታቹ ጎማ አጠገብ ተቀምጠው ውሃ እንዳመጣላቸው ጠየቁኝ። ይዤ ስመለስ አርፈዋል። ኩባያውን እንደያዝኩ «አባባ፣ ይነሱ እንጂ!» እያልኩ ቆየሁ።

ተጎታቹን ከአሮጌ መኪና አክስልና ከብረት ቱቦ የሠሩት ራሳቸው ናቸው። መኪና በማይገባበት ጭቃ መንገድ፣ በወንድሜ ባለሦስት እግር ሞተር እየተጎተተ እሸት ቡና ያመላልሳል። የጭነት ሳጥኑን የሚይዘው ፒን ሲነቀል ሳጥኑ ወደ ኋላ አዘንብሎ ጭነቱን ይገለብጣል።

ከመገልበጣቸው በፊት ሁልጊዜ «ከኋላ ማን አለ?» ይሉ ነበር። «ማንም የለም!» ካልተባሉ ፒኑን አይነኩም።

«እያዩ ይጠይቃሉ?» ብዬ ስስቅ፣ «ዓይኔ ሊሳሳት ይችላል፤ አንቺ ንገሪኝ» ይሉኛል።

ያን ቀንም ጠይቀው፣ መልሼላቸው፣ ገልብጠው ነው የተቀመጡት። ደህና ነበሩ። እስካሁን ሊገባኝ አልቻለም።

ትናንት ከዲላ ብረት በያጁ ደወለልኝ። ለተጎታቹ የኋላ መዝጊያ እንዲሆን አባባ በጠመኔ ያሰመሩበት ላሜራ እሱ ዘንድ ቀርቷል።

«መስመሩ ላይ ልቁረጠው?» አለኝ።

«ከመስመሩ ውጪ ቁረጥ። በእጃቸው ያሰመሩት ጠመኔ እንዳይጠፋ።»

«እንደዚያ ከሆነ እኮ አይገጥምም።»

«አይግጠም» አልኩት።